በጓንት ካርቶን ጀርባ

መስከረም 22

ርክክብ ዛሬም በሰዓቱ አልተጀመረም። የአልጋ ዘጠኝ ጎማ እንደ ወለቀ ነው። ጥገና ክፍል ደወልኩ፣ "እንመጣለን" አሉ። ከመጡ ምን አለች በሉኝ።

ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ርዕሴ ጸደቀ! ሁለት ዓመት ኮርስ፣ አራት ጊዜ የተመለሰ ወረቀት... በመጨረሻ ጸደቀ። የነርሶችን የተረኛ ርክክብ በአንድ ወጥ ፎርም ማሻሻል። የማጠናው የራሴን ክፍል ነው። አሥራ አራት አልጋ፣ ዘጠኝ ነርስ፣ ኃላፊዋ እኔ። አማካሪዬ "የሙያ ዶክትሬት ጥቅሙ ይሄ ነው፤ እየሠራሽ ሥራሽን ራሱን ታጠኛለሽ" አሉኝ። ደስ አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ግራ ገባኝ። ነገ ጧት ስገባ ማን ሆኜ ነው የምገባው? ኃላፊ ወይስ ተማሪ?

ለባለቤቴ ነገርኩት።

"እና ስትጨርሺ ዶክተር ልትባዪ ነው? በሽተኛ የምታክሚ?"

"አይ፣ ነርስ ነኝ። ዶክተር የሆንኩ ነርስ።"

"በሽተኛው ዶክተር ብሎ ሲጠራሽ ማን ዞር ሊል ነው?"

እኔ ምን አውቃለሁ።

ጥቅምት 6

ክፍሉ ከአሁኑ "ዶክተር" እያለ ይቀልድብኛል። ሐኪሙም ደርሶበት "ባልደረባዬ" ይለኛል። የማትቀልደው ጄኔራሏ ብቻ ናት። ጄኔራሏ የምንላት የክፍሉን አንጋፋ ነርስ ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷታል። ደም ሥር በጣት ዳብሶ ማግኘት ያስተማረችኝ እሷ ናት። "አንቱ" ስላት ትቆጣለች። "አንቺ በይኝ፣ ያለ ቀኔ አታስረጂኝ።"

የፈቃደኝነት ቅጹን ዛሬ አስፈረምኩ። በጥናቱ የምሳተፈው ወድጄ ነው፣ በፈለግኩ ጊዜ መውጣት እችላለሁ፣ ስወጣ የሰጠሁት ሁሉ ይሰረዛል... የሚለውን። ስምንቱ በአምስት ደቂቃ ፈረሙ። ጄኔራሏ ብቻ መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው።

"አልፈልግም ማለት ይቻላል ይላል።"

"አዎ፣ ይቻላል።"

"ፈረቃ የምታወጪው ግን አንቺ ነሽ፣ አይደል?"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ፈረመች።

ምን ለማለት ፈልጋ ነው?

ኅዳር 3

ሁለት ሳምንት ሙሉ በር ሥር ቆሜ ርክክብ ቆጠርኩ። የሚወጣው ተረኛ ለሚገባው መንገር ካለበት ነገር የሚነገረው አርባ አንድ በመቶ ብቻ! አለርጂ ይረሳል። የደም ግፊት ይዘለላል። ወሬው ግን አይዘለልም፤ የማን ልጅ መጣ፣ ማን ከማን ተኮራረፈ፣ ማን በሕልሙ ምን አየ።

ደግሞ ካርቶኑ። የጓንት ካርቶን ባዶ ሲሆን ቀደው ጀርባው ላይ ይጽፋሉ። ጠንካራ ነው፣ ኪስ ውስጥ አይጨማደድም። የሚወጣው ለሚገባው ያቀብላል፣ የሚገባው ይጨምርበታል፣ ሲሞላ ይጣላል። የክፍሉ ልማድ ነው፣ እኔም ጀማሪ እያለሁ እጽፍ ነበር። ዛሬ እንደ ተማሪ ሳየው አፈርኩ። የሰው ሕይወት በካርቶን ጀርባ?

ኅዳር 19

ዛሬ ከግልጽ አድርጊው ጋር ነበርኩ። አማካሪዬ ናቸው፣ ስሙን በሆዴ ነው ያወጣሁላቸው፤ በየገጹ በቀይ እስክርቢቶ የሚጽፉት ይሄንኑ ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ቀይ እስክርቢቷ...

"ካርቶኑ በኪስ እያለ፣ ለውጥ ቢመጣ የፎርምሽ ሥራ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?"

እውነታቸውን ነው። ካርቶኑ መቆም አለበት። ግን ማን ነው የሚያቆመው? ተማሪ ማዘዝ አይችልም። ኃላፊ ይችላል። ኃላፊዋ ደግሞ ተማሪዋ ናት... ስጽፈው ራሱ ዞረብኝ።

ታኅሣሥ 1

አቆምኩት። ስብሰባ ጠርቼ አዲሱን ፎርም አደልኩ። ሠላሳ ሁለት ሳጥን፣ በተራ ይነበባል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። "ከፎርሙ ውጭ ወሬ የለም" አልኩ። ካርቶኖቹን ከየኪሱ፣ ከመድኃኒት ጋሪው መሳቢያ፣ ከማቀዝቀዣው አናት ሰበሰብኩ። አንድ ከረጢት ሞሉ። መጣሉ ከበደኝና ቢሮዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ጄኔራሏ የራሷን እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሞኟ ማን ናት? እኔ መሆኔ ነው?

ታኅሣሥ 20

ሰባ ስምንት በመቶ!!

ጥር 2

ዘጠና ስድስት። ልጄ ግራፉን ኮምፒውተር ላይ ሠራችልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ የቤት ሥራችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለምንሠራ "የክፍል ጓደኛዬ" ትለኛለች። "እማ፣ ይሄ መስመር እኮ ደረጃ መሰለ። ወደ ሰማይ ልትወጪ ነው?" ለአማካሪዬ ላክሁት። "ግልጽ ነው" ብለው መለሱ። ከእሳቸው አፍ! ስልኩን ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አሳየሁት።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅም ሰምተዋል። ፎርሙን በሁሉም ክፍል ሊያስጀምሩት ነው። በሐምሌ እመረቃለሁ ማለት ነው?

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ርክክብ ላይ የሚስቅ የለም። ጥሩ ምልክት ነው... አይደል?

ጥር 15

አልጋ ስድስት ዛሬ ጧት ትንፋሽ አጠራቸው።

ልብስ ሰፊው ናቸው። ልባቸው ደክሞ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ እዚሁ አልጋ የሚተኙ ደንበኛችን። ስገባ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ዐይናቸው ፈጦ... ውሃ ሳንባቸውን ሞልቶታል። ኦክስጅን፣ መርፌ፣ ሐኪሙ እየሮጠ። ሦስት ሰዓት ላይ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

ግን ለምን? ከመርፌ ወደ ክኒን ከዞሩ አምስት ቀናቸው ነው። ውሃውን የሚያስወጣው ክኒን በየጧቱ ተሰጥቷቸዋል። ፎርሙን አየሁ። ሠላሳ ሁለቱም ሳጥን ሙሉ። አምስቱንም ቀን "ተሰጥቷል"።

አልጋቸውን ሳነጥፍ እጄ የትራሱ ጠርዝ ላይ አረፈ። ጠጠር ጠጠር ይላል። ስፌቱን ተረተርኩት። አምስት ክኒን። ትራሱን ተርትረው፣ ክኒኑን ከትተው፣ በየቀኑ መልሰው ሰፍተውታል። እንዴት ያለ ስፌት ነው! ክሩ የት እንደሚጀምር አይታይም። ለሐኪሙ አሳየሁት።

ጥር 16

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዛሬ ድምፃቸው ይሰማል።

"አባባ፣ ለምን?"

"ክኒኗ ታጣድፈኛለች፣ ልጄ። መጸዳጃው ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ ነው። ባለፈው ስተኛ አንድ ቀን ሳልደርስ ቀረሁ። ሰው እያየ።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ያቺ ትልቋ ነርስ ነገሩን ታውቀዋለች። ሰው ሳይነቃ ቀድማ ትሰጠኝና፣ አፌን አስከፍታ አይታ፣ በጋሪ ወንበር በሩ ድረስ ትወስደኛለች። ሰሞኑን ጠፋችብኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?"

ጄኔራሏ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት። በእሷ ፈንታ ክኒን የምታድለው ከሌላ ክፍል በቅርቡ የተዛወረችው አዲሷ ናት። ጠራኋት። "ማንም አልነገረኝም ሲስተር" ብላ አለቀሰች። የቀሩትን ጠየቅኩ። ሁለቱ ያውቁ ነበር። እርስ በርስ ተያዩ።

"ከፎርሙ ውጭ አትናገሩ ብለሽ..."

ብያለሁ። ሰዓት ይዤ፣ በር ሥር ቆሜ።

ጥር 17

ከረጢቱን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ። ቢሮዬን ቆልፌ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። መቶ አርባ ካርቶን።

"6፦ የሽንት ክኒን ይደብቃል። ከሁሉ ቀድሞ ይሰጠው፣ አፉ ይታይ፣ ወንበር ይዘጋጅ። ሰው ፊት አትጠይቁት።"

"2፦ ማንበብ አይችልም፣ የሚችል ያስመስላል። የመውጫ ወረቀቱን በጨዋታ አስመስለሽ አንብቢለት።"

"11፦ በቀኝ እጇ ደም ሥር አትፈልጉ። ግራ፣ ከክርን ዝቅ ብሎ። ስለ ልጇ ካስወራችኋት አይሰማትም።"

"9፦ ወንድሙ ሲመጣ ግፊቱ ይወጣል። ከሄደ በኋላ ለኩት።"

ይሄ ነበር ወሬው? ከሠላሳ ሁለቱ ሳጥን የትኛው ውስጥ ይገባል? ፎርሙን አጠገቡ አድርጌ አንድ በአንድ ሞከርኩ። አንዱም አልገባም።

ከከረጢቱ ሥር ደግሞ የአንዱ ወንድ ነርስ ጽሑፍ፦ "ኃላፊዋ ዛሬ ፈተና አለባት። ቢሮ አትግቡባት። ስልክ ከመጣ እኔ አነሳለሁ።" ቀኑን አስታወስኩ። ምን ያለ ሰላማዊ ቀን ብዬ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ እንኳ አላውቅም። አፍሬ ነው? ልቤ ተነክቶ ነው? ሁለቱም መሰለኝ።

ጥር 21

ለግልጽ አድርጊው ሁሉንም ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ይዘው አዳመጡኝ።

"አንድ አልጋ ጥናት አያፈርስም" አሉ። "የጥናቱ ውስንነት በሚለው ሥር አንድ አንቀጽ ጻፊበት። ቁጥርሽ ንጹሕ ነው። በሐምሌ ትመረቂያለሽ።"

"ካርቶኑን ያስቆምኩት ለጥናቱ ብዬ ነው እኮ። ለበሽተኛው ብዬ አይደለም።"

እስክርቢቷን ከደኑ። ከዚያ "እንድታስቆሚው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ" አሉ፣ ቀስ ብለው። እንዲህ ይላሉ ብዬ አልጠበቅኩም። "ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የሆነውን መጻፍ አለብን። አብረን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ምርጫው ያንቺ ነው፤ ወይ ባለው ትጨርሺያለሽ፣ ወይ ካርቶኖቹን ታጠኛለሽ። ሁለተኛው ቢያንስ አንድ ዓመት ነው።"

አንድ ዓመት! ልጄን ያላየሁባቸው ቅዳሜዎች፣ ባለቤቴ ብቻውን ያበሰላቸው ራቶች... በዚያ ላይ ሌላ ዓመት?

ጥር 23

ለኮሚቴው ልንጽፍ መሆኑን ሰምተው ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። "ዘጠና ስድስት በመቶ ይዘሽ ምን ነካሽ? ሰውዬው ድነዋል አይደል?" ድነዋል። "ታዲያ?" ቢሮዬ ስገባ አሥር መልስ መጣልኝ፣ እንደ ልማዴ ከረፈደ።

ጥር 28

አላውቅም። ዛሬም አላውቅም።

ባለቤቴ፦ "አንቺ ሴትዮ፣ ወይ ወስኚ ወይ ተኚ። ሁለቱንም ትተሽ ጣራ ጣራ ታያለሽ።"

"አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

"እኔማ እመረቃለሁ።" መብራቱን አጠፋና፣ "አንቺ ግን አትችይም። ብትመረቂም ከእኔ ጋር የምትኖረው ያቺ ያልቻለችው ሴትዮ ናት። እሷን እኔም አልችላትም" አለ። ተሳሳቅን። ከዚያ ሳቄ ቆመብኝ።

የካቲት 4

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ነርሶቹን ሰበሰብኩና ያፈሰስኩትን ነገርኳቸው። ካርቶኑን ያስቆምኩት እንደ ኃላፊ መሆኑን፣ የፈለግኩት ግን እንደ ተማሪ መሆኑን። ይቅርታ አልኩ። አዲሷ ላይ ምንም እንደማይጻፍ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ካርቶኑ ከዛሬ ጀምሮ ይመለሳል። ፎርሙም ይቀጥላል፣ አለርጂ መረሳት የለበትም። ግን አጥሮ። እነሱ ይቁረጡት።

ለዋና ነርሷ ጽሕፈት ቤትም ደብዳቤ አስገባሁ። ፈረቃ ከእንግዲህ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። እኔም እንደማንኛውም ነርስ በሳምንት ሁለት ቀን ተረኛ እገባለሁ። ጄኔራሏ ከፈቃድ ተመልሳለች፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዝም አይነቅዝም ብላ ይሆናል።

የካቲት 12

ልብስ ሰፊው ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት የሆነውን ነገርኳቸው። ጥናት ላይ እንደነበርኩ፣ በእኔ ትእዛዝ የተነሳ ነርሶቹ ስለ እሳቸው መነገር የነበረበትን እንዳልተነጋገሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"እኔ ደግሞ የደበቅኩት እኔ ነኝ ብዬ ስጨነቅ ነበር" አሉ።

"ስም ሳልጠቅስ ልጻፈው?"

አሰቡበት። "የክኒኑን ጻፊ። የአዳራሹን አትጻፊ።" አዳራሹ ያሉት ሳይደርሱ የቀሩባትን ቀን ነው። እሺ አልኩ። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ትራሱን ሰረቅ አድርገው እያዩ ወጡ።

የካቲት 20

ባለው አልጨርስም። ወሰንኩ። ካርቶኖቹን አጠናለሁ። ለሐምሌ የታሰበው ድግስ ቀረ፤ ልጄ "የክፍል ጓደኛዬ ደገመች" ብላ ለአባቷ አወጀች።

ወሰንኩ የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት። እብድ ነኝ?

መጋቢት 9

ኮሚቴው ፈቀደ። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ካርቶኑን የጻፈ ሁሉ እንደገና ይጠየቅ፣ ቅጹን የምታድለውና የምትሰበስበው የኮሚቴው ጸሐፊ ትሁን፣ እኔ እንዳልኖር። አማካሪዬ ካርቶኖቹን ሲያነቡ ቀይ እስክርቢቷን አላወጡም። የጄኔራሏን ጽሑፍ ለይተው አወቁት፤ ትልልቅ፣ ወደ ግራ የተኛ ፊደል። ከመቶ አርባው ስድሳ አንዱ የእሷ ነው። "ጥናትሽ ይቺ ሴት ናት" አሉኝ።

መጋቢት 17

ቅጾቹ ተመለሱ። ሰባት እሺ። አንዷ አልወሰነችም።

አንዷ "አልፈልግም"። ወደ ግራ በተኛ ፊደል።

መጋቢት 18

መጠየቅ አልነበረብኝም። ጠየቅኩ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ ጫማዋን እያሰረች።

"ተቀይመሽኝ ነው?"

"ትንሽ። ግን እንቢ ያልኩት በእሱ አይደለም።" ቀና አለች። "አልጋ ሁለት ማንበብ እንደማይችል የነገርኩት ከእኔ ቀጥላ ለምትገባው ነርስ ነው። ለመጽሐፍ አልነገርኩም።"

"ስሙ እኮ አይጠቀስም።"

"እሱ ግን ያውቃል። አንድ ቀን ልጁ ቢያነብለትስ?"

ያ ሰው የእኔን ጥናት አያነብም፣ ልጁም አያነብም... ልል ነበር። አላልኩም።

"መጀመሪያ ጊዜ ለምን ፈረምሽ ታዲያ?"

"ፈርቼ ነዋ። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ፣ መርፌ አያያዝ ያስተማርኳትን ልጅ ፈርቼ።"

ይቅርታ ልላት ፈልጌ ሳልላት ቀረሁ። እሷም ሌላኛዋን ጫማ ማሰር ጀመረች።

መጋቢት 20

ለአማካሪዬ ደወልኩ።

"ስድሳ አንዱ ይወጣል።"

"ምርጡ ነው የሚወጣው" አሉ።

"አዎ።"

"ዓመት የጨመርሽው ለእሱ ነበር እኮ።"

"አዎ።"

"ያለ እሱ ምን ይቀራል?"

"ሰባ ዘጠኝ ካርቶን። ያልወሰነችው እንቢ ካለች ደግሞ ያንሳል። ምን እንደሚሆን አላውቅም።"

ተነፈሱ። "እኔም አላውቅም" አሉ። እንደ ዛሬ ቀርበውኝ አያውቁም።

መጋቢት 23

ዛሬ ተረኛ ነኝ። ከጄኔራሏ ነው የምረከበው።

ቀድሜ ገባሁ። ስድሳ አንዱን ካርቶን በላስቲክ አስሬ ይዤላት ነበር። በኮምፒውተር የገለበጥኳቸውንም አጥፍቻለሁ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ብዙ ቆየ፣ አልዋሽም። ሰጠኋት። ተቀበለችኝና አገላበጠችው፣ አንዱን አውጥታ አነበበች፣ ፈገግ አለች፣ ምኑ እንዳሳቃት አልነገረችኝም። ሁሉንም ወደ ወረቀት መቅደጃው ማሽን ወስዳ አንድ በአንድ አስገባችው። እያንዳንዱ ሲገባ ቆጠርኩ። ጨርሳ እጇን አራገፈች።

"ይመለሳሉ ብዬ አልጠበቅኩም" አለች።

"እኔም።"

ወንበር ሳበች፣ ለእኔም ሳበችልኝ። ፎርሙን አወጣች፣ አሁን አሥራ አንድ ሳጥን ነው። አለርጂውን፣ ግፊቱን፣ መድኃኒቱን በተራ አነበበችልኝ። ከዚያ ፎርሙን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክርቢቶዬን አየችው። ኪሴ ከተትኩት።

አልጋ አራት ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ወንበሬን ይዤ ጠጋ አልኩ።

ያለችኝን እዚህም አልጽፈውም።